ሰባት ቃል በበለጠች ጠመኔ

መምህሩ ገብረ አማኑኤል ለጽድ አፋፍ ገበሬ ማኅበር በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነገሩ እንዲህ ሰፍሯል። የባለ እጁ የአበረ ሚስት ወይዘሮ በለጠች፣ ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ሰዓት ከተቀመጠችበት ተነስታ ሰሌዳውን በእግሯ መትታ ጥላለች፤ የሕዝብ ንብረት ሰብራለች፤ ተማሪውን ሁሉ ሰድባ፣ ትምህርቱን አቋርጣ ወጥታለች። ስለዚህ አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድባት።

በለጠች የምትለው ሌላ ነው። መነሳቱን ተነስታለች፤ አልካደችም። ወደ ሰሌዳው ሄዳ አንዲት መስመር በመዳፏ ጠርጋለች፤ እሱንም አልካደችም። ሰሌዳው ግን ድሮም ሁለት ድንጋይ ላይ የቆመ አሮጌ በር ነው፤ ስትጠርገው ተንሸራቶ ወደቀ። እግሯ አልነካውም። ስድብም አልተናገረችም፤ ልናገር ብትልስ በምን አፏ? ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። በለጠች ከመነሳቷ በፊት ጮክ ብላ አንብባለች። ሰውም ስቋል።

ትምህርቱ የሚሰጠው ድሮ የባላባቱ ጎተራ በነበረው የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ከመሬት አዋጁ ወዲህ ቤቱ የማኅበሩ ሆኗል። ሰሌዳውም የባላባቱ የእልፍኝ በር ነው፤ ነቅለው ጥላሸት ቀቡት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወንዶቹ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ነው ሀ ሁ የሚሉት። በለጠች የምትቀመጠው በሩ ሥር ነው። ማንም እዚያ ተቀመጪ ብሏት አያውቅም። ማንም ደግሞ አጠገቧ አይቀመጥም። ጨዋታ ያለ ሰው የማይሆንላት ጎረቤቷ ጠጄ ብቻ፣ ክንድ ያህል ቦታ ትታ ከጎኗ ትሆናለች። ያቺን ክንድ ግን አንድ ቀን አልፋት አታውቅም።

በታኅሣሥ ጠመኔ አለቀ። መምህሩ ሁለት ጊዜ እስከ ዘመሮ በእግሩ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ገብረ አማኑኤል ከዓለም ከተማ የመጣ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ተስፋ ቆርጦ ሰሌዳው ሥር ቁጭ ብሎ በለጠች አገኘችው።

«ልጄ፣ ይኼ ጠመኔ የምትሉት ነጭ አፈር አይደል?» አለችው።

«ነው፣ እትዬ በለጠች።»

«እሱማ ከገደሉ ሥር ሞልቷል።»

ሸክላ ሠሪ ናትና አፈሩን ታውቀዋለች፤ በማግሥቱ ወረደች። ቆፍራ አመጣች፤ ዘፈዘፈች፤ በጨርቅ አጠለለች። ውሃው ሲሸሽ ያን ለስላሳ ጭቃ በሁለት መዳፏ መሀል እያሸች እንደ ጣት አደረገችው። ፀሐይ ከነካው ስለሚሰነጠቅ ጥላ ውስጥ፣ ሰፌድ ላይ ደርድራ አደረቀችው። ሃያ አራት ጠመኔ ሆነ። መምህሩ አንዱን አንስቶ ሰሌዳው ላይ ሲሞክረው ከከተማው ጠመኔ ይልቅ ነጣ። «ለጓድ በለጠች ጭብጨባ!» አለ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። በለጠች አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ሲያጨበጭብላት ይኼ የመጀመሪያዋ ነበር። የምታደርገው ቢጠፋት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«እኛንም እንዲህ አሽተሽ ብታደርቂን ምናለ፣ ቀጥ ብለን እንድንቆም» አለች ጠጄ።

«አንቺማ ጥላ ውስጥ ብትሰነብቺም ትሰነጠቂያለሽ።»

ተሳሳቁ። የዚያን ቀን ሳቅ ደግ ነበር።

በለጠች ፊደል የፈለገችበት ምክንያት አላት። ማኅበሩ መሬት ሲያከፋፍል አበረ በዕድሜው የመጀመሪያውን ማሳ አገኘ፤ ከማሳው ጋር አንዲት ወረቀት ተሰጠችው። ወረቀቷን የሚያነብላቸው የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ወሰኑ እስከ ኮሶው ዛፍ ነው ይላቸዋል። በለጠች ግን ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እስከ ወንዙ ቢሆንስ፣ ይኼ ሰው ቢያታልለንስ እያለች ትብሰከሰካለች። በእሷና በወረቀቱ መሀል ሁልጊዜ የሌላ ሰው አፍ አለ። ሌላም ነገር ነበረ፤ ይኼኛውን ለማንም አልነገረችም። የመሠረተ ትምህርቱን ፈተና ያለፈ ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። የመሬቱ ወረቀት በአበረ ስም ነው፤ እሷ በስሟ የተጻፈ ወረቀት ኖሯት አያውቅም። ረቡዕ ጥር 20 ፈታኙ ከዘመሮ ይመጣል ተብሏል።

አሁን ወደ አባባሎቹ እንምጣ፤ ክፋቱ የተወለደው ከዚያ ነውና። ለሠላሳ ሁለት ተማሪ የነበረው ሁለት መጽሐፍ ነው። መምህሩ አሰበ፤ ፊደሉ እንግዳ ከሆነባቸው ቃሉ እንኳ የራሳቸው ይሁን አለ። አሳቡ መጥፎ አልነበረም። አባባል ሊለቅም ሽማግሌው አያ ዓምደ ሚካኤል ዘንድ ሄደ።

በጽድ አፋፍ ያለ አያ ዓምደ ሚካኤል አንድም ጠብ አይበርድም። ለዝናብ፣ ለበሬ፣ ለአማት፣ ለሐዘን፣ ለሁሉም የሚሆን አባባል አላቸው። የተጣላ ሰው ነገሩን ሲጨርስ እሳቸው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ፤ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍት ሰው፣ ፍርድ እንደጣሰ ይቆጠራል። መምህሩ ደብተሩን ይዞ ደጃቸው ላይ ተቀመጠ፤ እሳቸው እየነገሩት እሱ ጻፈ። ሁለት ቅጠል ሞላ።

በየቀኑ አንዷን ሰሌዳው ላይ ያወጣ ጀመር። ቤቱ በደስታ ፈነዳ። ሀ እና ለ የማይለዩት ሳይቀሩ አነበቡ። ሁለት ፊደል ሲያዩ የቀረውን ከሆዳቸው ያወጡታል።

«እያነበባችሁ እኮ አይደለም» ይላል መምህሩ እየሳቀ። «እየዘፈናችሁ ነው!»

በለጠችም ከሰው ጋር ዘፈነች።

ሐሙስ ዕለት ገብረ አማኑኤል ከደብተሩ ላይ ቀጥላ ያለችውን ሰሌዳው ላይ ገለበጣት። ሰባት ቃል ናት። ልቡ የነበረው ጽሕፈቱን በማሳመር ላይ ነው። ጨርሶ ዞረ። «ማን ያነባል?»

እጅ የለም። ጠጄ እንዝርቷን ትመለከታለች። አያ ዓምደ ሚካኤል እዚያው፣ በሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ፣ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

በለጠች ሰሌዳውን አየች። ይቺን አታውቃትም። ማንበብ አለባት፤ በእውነት፣ ፊደል በፊደል። ሁሉም ዝም ያሉት ከብዷቸው መሰላት። ልቧ በኩራት ዘለለ። እጇን አወጣች።

መምህሩ ደስ አለው። «በሉ እትዬ በለጠች!»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው። አንድም አልሳተችም። «ጎበዝ!» አላት። «አሁን አያይዘው ያንብቡት፤ ጮክ ብለው!» አያያዘችው። ጮክም አለች። ድምጿ ቀድሞ ወጣ፤ ትርጉሙ ኋላ ደረሰባት።

ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ያለው ሰው፣ ጅብ ጉድጓድ አጠገብ እንደሚያድር እረኛ፣ ማታ ማታ ልጆቹን እንዲቆጥር የምትመክር አባባል ናት።

በጽድ አፋፍ ሕፃን እንኳ ያውቃታል። በባለ እጅ ፊት ግን አትነገርም። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በለጠች ስትደርስ ትቋረጣለች፤ በለጠች ስታልፍ ትቀጥላለች። በዚያ ቤት ውስጥ የማያውቃት ሰው አንድ እሷ ብቻ ነበረች። ለዚህም ነው ከሁሉም መሀል በእውነት ያነበበችው እሷ ብቻ የሆነችው።

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ምናልባት ግማሹ የሳቀው አፍሮ ይሆናል። ሳቅ ግን ሳቅ ነው፤ የሚሳቅበት ሰው አይመዝነውም። ጠጄም ሳቀች፤ በእንዝርቷ አፏን ሸፍና።

በለጠች ተነሳች። መዳፏን ሰሌዳው ላይ አሳርፋ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተተችው። በሩ ተንሸራተተ፤ ወደቀ፤ ማዕዘኑ ተሰነጠቀ። ስትወጣ መዳፏን አየችው። ነጭ ሆኗል። ገደል ወርዳ ያመጣችው፣ ያጠለለችው፣ ጥላ ውስጥ ያደረቀችው አፈር ነው። በገዛ ጠመኔዋ ነው የተጻፈባት።

በማግሥቱ ጧት የመሬቱን ወረቀት ከሳጥን አወጣች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ወሰኑ እስከ ኮሶው ዛፍ ነው። ጸሐፊው አልዋሸም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እውነቱን ነበር የነገራቸው። ወረቀቱን አጠፈችው። ስትጠረጥረው የኖረችው ሰው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ቀን ያልጠረጠረችው አገር ሙሉ ሰው ደግሞ ይኼውና። ንዴቷ ከትናንቱ ባሰ።

ጠጄ የመጣችው ቅዳሜ ነው። አጥሩ ጋ ቆማ ተጣራች።

«ግቢ» አለቻት በለጠች።

«አልገባም፣ መልእክት ነው የያዝኩት። ሊቀመንበሩ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ግቢ ትምጣ ብሏል። ሽማግሌዎቹም ተነጋግረው ጨርሰዋል። ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ ያበቃል። ረቡዕ ትፈተኛለሽ።»

«ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

«መምህሩን። ተማሪውን። አያ ዓምደ ሚካኤልንም፤ በሳቸው ቃል ላይ ነው እጅሽን ያነሳሽው ተብሏል።»

«አንቺንም?»

ጠጄ የአጥሩን እንጨት በጥፍሯ ፋቀች። «እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው፤ ሰው ሲስቅ ሳቅ ያመልጣል አይደል።»

«ልጆችሽን ትቆጥሪያለሽ፣ ጠጄ?»

«ምን አልሽ?»

«ማታ ማታ። እኔ ጎረቤትሽ ነኝ። ስንት ዓመት ሆነን? ሃያ? ሃያ ዓመት ቆጥረሻል?»

ጠጄ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። በለጠች ከኋላዋ ስታያት፣ ያቺ ክንድ ያህል ቦታ ለምን እንደነበረች ገባት።

ባሏ አበረ ወናፉን አቁሞ ይሰማ ነበር። አጠገቡ ስድስት ማረሻ ተደርድሯል፤ የበልግ እርሻ ደርሶ ሰው ሁሉ እየተሽቀዳደመ የሚያመጣው ነው።

«ተይው፣ በለጠች» አለ። «አንድ ድንጋይ ነው። ከበሩ እስከ ሽማግሌዎቹ አሥር እርምጃ አይሞላም።»

«አንተ ትሸከመው ነበር?»

«እኔማ ሁልጊዜ ተሸክሜ ነው የምኖረው። ማረሻውን ይወረውሩልኛል፣ እጄ እጃቸውን እንዳይነካ። እኔም አንስቼ እስላለሁ። ይኼ ድንጋይ የሚታይ መሆኑ ነው እንጂ ሌላ ምን ልዩነት አለው?»

ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። በለጠች ልትቆጣው የነበረው ቁጣ አፏ ውስጥ ቀረ። ግን አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ።

እሑድ የማኅበሩ ግቢ ሞላ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም። ሊቀመንበሩ ኃይለ ኢየሱስ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል፤ በቀኙ አያ ዓምደ ሚካኤልና ሁለት ሽማግሌዎች፣ በግራው መምህሩ። በሩ ጋ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። ክፉ ድንጋይ አልነበረም፤ መርጠው ለስላሳ ነው ያመጡላት። ያ ደግሞ የበለጠ አንገበገባት።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አነበበ። ከዚያ «ጓድ በለጠች፣ የምትይው አለ?» አላት።

«አለ። ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ተከልክሏል ብላችሁ እዚሁ ግቢ ሰብስባችሁ የነገራችሁን እናንተ ናችሁ። እኔ የሰማሁት ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም።»

«ታዲያ ተሰድቤያለሁ።»

«ማን ሰደበሽ?» ሊቀመንበሩ እጆቹን ዘረጋ። «ስም ጥሪ! ያነበብሽው አንቺ። ከአንቺ አፍ ነው የወጣው። አንቺን በአንቺ ልክሰስ?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ኃይለ ኢየሱስ ግን አልሳቀም። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። ረቡዕ ፈታኙ ሲመጣ ሠላሳ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ደህና ሰሌዳና የተስማማ ሕዝብ ማሳየት አለበት። አንዱ ከጎደለ ለምን ተብሎ ይጠየቃል።

«አያ ዓምደ ሚካኤል፣ እርስዎ ይጨርሱልን» አለ።

አያ ዓምደ ሚካኤል ተነሱ። ጭራቸውን አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ አደረጉ። ስለ ትዕግሥት አንዲት አባባል አሉ፤ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ምላስ አንዲት አሉ፤ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ሴት አንዲት፣ ስለ ጎረቤት ሁለት አሉ። በለጠች ድንጋዩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች። እያንዳንዷ አባባል ስትወርድ፣ እንደ ክዳን አፏ ላይ ስትገጠም ይሰማታል። አንድም ሰው ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቃትም። የተጠየቀችው መቼ ዝም እንደምትል ነው።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ አያ ዓምደ ሚካኤል፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «እኛ ክፉ አላሰብንብሽም። አባቶቻችን ያሉትን ነው ያልነው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ነው የሚኖረው። ያውም ባለ እጅ ባይኖር አራሹ በምን ያርሳል? እኔ አንቺን እንደ ልጄ ነው የማይሽ። ያው እንደሚባለው…»

ጀመሯት። ያቺኑ። እግራቸው የለመደውን መንገድ እንደሚሄድ፣ ምላሳቸው ጎረቤትና ባለ እጅ የሚሉትን ሲያገኝ በለመደበት ነጎደ። አንድ ቃል፤ ሁለት ቃል፤ ሦስት። አራተኛውን ብለው ቆሙ። ጭራው አየር ላይ ቀረ።

በለጠች ዙሪያዋን አየች። የሰዉ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ሳያወጣ የቀሩትን ቃላት ይጨርሳል። ሳያስበው። የጠጄም ከንፈር።

«ይጨርሱት እንጂ» አለች በለጠች።

አያ ዓምደ ሚካኤል ጭራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይጨርሱት፣ አያ። ሦስት ቀርቷል፤ እኔ እንኳ ቆጥሬያለሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ይጨርሱት የለም ወይ? ዛሬ እያለሁ ይጨርሱት!»

«ልጄ፣ አመለጠኝ» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሆን ብለው እንዳላደረጉት ሁሉም ያውቃል፤ በለጠችም ታውቃለች። ያበገናትም ያ ነው። ሆን ብለው ቢሉት ኖሮ ጠላቷ አንድ ሰው ብቻ በሆነ።

ያን ጊዜ መምህሩ ገብረ አማኑኤል ተነሳ። ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ የጻፍኩት ትክክል አይደለም። እግሯ ሲነካው አላየሁም። ሰሌዳው ሲወድቅ ደንግጬ መትታው ነው አልኩ። ስድብም አልሰማሁም። ሰሌዳው ላይ የጻፍኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ምን እያልኩ እንደምጽፍ ሳላስብ። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«ተቀመጥ!» አለ ኃይለ ኢየሱስ። «አንተ ደግሞ አሁን ነው ትዝ የሚልህ?» ወደ በለጠች ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልመና የሚመስል ነገር ገባበት። «በለጠች፣ እህቴ፣ እሺ። ደብዳቤው ይቀደድ። ስለ ሽማግሌዎቹ ክብር ስትይ ድንጋዩን ትንሽ ብቻ፣ ከትከሻሽ ላይ አድርገሽ አውርጂው። ረቡዕ ትፈተኛለሽ፤ ስምሽ ያለበትን ወረቀት ትወስጃለሽ። እንቢ ካልሽ ግን ከዝርዝሩ እሰርዝሻለሁ፤ ምን ላድርግ?»

በለጠች ድንጋዩን አየችው። አበረ ከሰው ኋላ ቆሟል፤ ዓይኑን አልሰበረም። ከመቀነቷ ውስጥ የቀሩትን ጠመኔዎች አወጣች፤ አምስት ናቸው። ከመምህሩ ቤት ጧት ሄዳ ያስመለሰቻቸው ናቸው። መዳፏ ላይ ዘርግታ ለሁሉም አሳየች። ከዚያ፣ ፊደል ስትቆጥር እንደምታደርገው ቃል በቃል፣ ከዳር እስከ ዳር እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ድንጋዩን አልሸከምም። ሰርዘኝ፤ ወረቀቱም ይቅር። ረቡዕ ግን ከሁላችሁ ቀድሜ እመጣለሁ። ፈታኙ ፊት፣ በራሴ ጠመኔ፣ ሰባቱንም ቃል ሰሌዳው ላይ እጽፋቸዋለሁ። አንብቤም እነግረዋለሁ፤ ይቺ የጽድ አፋፍ ሰው ስለ እኔ የሚላት ናት፣ እኔም ሸክላ ሠሪዋ በለጠች ነኝ እለዋለሁ። ያን ጊዜ መሳቅ የሚፈልግ ይምጣና ይሳቅ።»